ከካርቱም መርፌ እስከ ጉበት ቫይረስ፤ የሄፓታይተስ ቢ ታሪክና ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በየትምህርት ቤቱ የምናስተምረው ታሪክ በአብዛኛው የነገሥታት፣ የጦርነትና የውል ታሪክ ነው። በሽታ ከተነሣም የኅዳር በሽታ ወይም ፈንጣጣ በጨረፍታ ተጠቅሶ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከበሽታ ጋር ያደረገው ትግል በጦር ሜዳ ካለቀው ሕዝብ የማያንስ ሕይወት የጠየቀ፣ ብልሃትና ስሕተትም በአንድነት የሚታዩበት ታሪክ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ በሽታ፣ ይኸውም ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ መርጠን፣ ከጎረቤታችን ከሱዳን ዋና ከተማ ከካርቱም ተነሥተን ታሪኩን ለመከታተል እንሞክራለን።

ካርቱምን የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ከጣና የሚነሣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ይህች ከተማ ከ1970ዎቹ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን በስደትና በሥራ የኖሩባት ናት። ሁለተኛ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአፍሪካ ከታወቁት የሕክምና ምርምር ጣቢያዎች አንዱ የተቋቋመው በዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ለአንድ ሌላ በሽታ በካርቱም የተገኘ ፈውስ ሳይታሰብ ከጉበት ቫይረሶች ታሪክ ጋር ተሳስሯል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

የወፍ በሽታ

አባቶቻችን ዓይንንና ቆዳን የሚያበጫጨውን በሽታ «የወፍ በሽታ» ይሉታል። በብዙ ቦታ የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስታልፍ ወይም ሽንቷ ሲነካው የሚይዝ ነው ተብሎ ይታመናል። ዐረብኛ ተናጋሪዎቹ ሱዳናውያን ደግሞ «የረቃን» ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሁሉም የሰየመው አንድ ምልክት ነው፤ እርሱም ቢጫነት ነው።

እዚህ ላይ የነገሩ መሠረታዊ ችግር ይታያል። ቢጫነት ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ጉበት ሲታመም ወይም የሐሞት መውረጃ ሲዘጋ ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ቀለም ከደም ሳይጣራ ስለሚቀር የዓይን ነጩ ክፍል ይበጫጫል፣ ሽንትም እንደ ሻይ ይጠቁራል። ይህን የሚያመጣው ግን ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። ወባ ሊያመጣው ይችላል፤ ቢጫ ወባም ያመጣዋል፤ የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ። ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶች ራሳቸው ደግሞ ከ«ኤ» እስከ «ኢ» በፊደል የተሰየሙ አምስት ናቸው።

ይህ መደባለቅ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ በአካባቢያችን የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። በ1940 በሱዳን በኑባ ተራሮች ከ15,000 የሚበልጥ ሰው የታመመበትና 1,600 ያህል ሰው የሞተበት ወረርሽኝ ተነሣ፤ በሽታው ቢጫ ወባ ነበር። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሣው ቢጫ ወባም 100,000 ያህል ሰው አሳሞ 30,000 ያህሉን እንደ ፈጀ ይገመታል። በ1988 እና በ1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መካከል የተነሣው የወፍ በሽታ ሲመረመር ግን ሄፓታይተስ ኢ ሆኖ ተገኘ። በ2004 በዳርፉር በሞርናይ የተፈናቃዮች ሰፈር በስድስት ወር ውስጥ 2,621 ሰው ያጠቃው፣ ነፍሰ ጡሮችንም አብዝቶ የጎዳው ይኸው ሄፓታይተስ ኢ ነበር። እርሱ የሚተላለፈው በተበከለ ውኃ ነው። የኛ ርእስ የሆነው ሄፓታይተስ ቢ ግን በውኃ አይመጣም፤ መንገዱ ደም ነው። ይህን ልዩነት ለማወቅ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጀ።

ካርቱም የሕክምና ከተማ

በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በኦምዱርማን የመሐዲያን ኃይል ድል ካደረገ በኋላ ካርቱም እንደገና ተሠራች። በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተ። መድኃኒት በመሥራትና በመሸጥ የበለጸገው ሄንሪ ዌልካም ከተማዋን ከጎበኘ በኋላ ለላቦራቶሪ የሚሆን መሣሪያ ስለ ሰጠ የዌልካም የምርምር ላቦራቶሪዎች በኮሌጁ ውስጥ ተቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ኃላፊም አንድሩ ባልፎር የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ሆነ። ላቦራቶሪው በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ጭምር ነበረው፤ ተመራማሪዎቹም በርሱ ወደ ደቡብ እየወረዱ በሽታዎችን ያጠኑ ነበር። በ1924 የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህም ሱዳናውያን ሐኪሞች በአገራቸው የሚሠለጥኑበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሁሉ የቅኝ ገዥው መንግሥት ሥራ እንደ መሆኑ ዓላማው ሕዝብን ማዳን ብቻ አልነበረም። ወታደሩ፣ ሹሙና የጥጥ እርሻው ሠራተኛ ጤናማ እንዲሆን ይፈለግ ነበር። ቢሆንም እዚያ የተገኘው ዕውቀት ከገዥዎቹ ዓላማ አልፎ የዓለም ሀብት ሆኗል።

ባልፎር በ1913 ወደ ለንደን ተመልሶ የዌልካም የሳይንሳዊ ምርምር ቢሮን መምራት ጀመረ። አንባቢ ይህን ቢሮ እንዲያስታውስ እንጠይቃለን፤ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ በታሪካችን ውስጥ እንደገና እናገኘዋለንና።

የ1918 መርፌ

በዚያ ዘመን ዓባይን ተከትሎ በሚኖረው ሕዝብ ላይ ከከበዱት በሽታዎች አንዱ ቢልሃርዚያ ነበር። በቀንድ አውጣ አማካይነት በውኃ ውስጥ የሚተላለፈውን ይህን ትል ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1851 በካይሮ አግኝቶት ነበር። የአገራችን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የእንዶድ ሳሙና ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ያገኙት በዚሁ በሽታ ላይ ሲመራመሩ መሆኑን ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ለበሽተኛው የሚሰጥ አጥጋቢ መድኃኒት አልነበረም።

የካርቱምና የኦምዱርማን የሲቪል ሆስፒታሎች ኃላፊ የነበረው ጆን ብራያን ክሪስቶፈርሰን፣ ታርታር ኤሜቲክ የተባለውን ከአንቲሞኒ የሚሠራ መድኃኒት ለሌላ በሽታ፣ ለሊሽማንያ ይሰጥ ነበር። በ1917 ይህንኑ በቢልሃርዚያ በሽተኞች ላይ ሞከረው፤ በሽንታቸው ውስጥ ይታይ የነበረው ደምና የትሉ ሕያው እንቁላል ጠፋ። ውጤቱንም በ1918 በለንደን በሚታተመው «ላንሴት» የሕክምና መጽሔት አወጣው። ለቢልሃርዚያ በእርግጥ የሚሠራ ሕክምና መኖሩ በሰፊው የታወቀው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

መድኃኒቱ ግን ሁለት ጠባይ ነበረው። መርዛማ ስለሆነ ጥቂት በጥቂቱ፣ በብዙ ቀኖች ተከፋፍሎ መሰጠት ነበረበት። ከጡንቻ ከገባም ሥጋን ስለሚያቃጥል በቀጥታ ወደ ደም ሥር መወጋት ነበረበት። እንግዲህ አንድ በሽተኛ ለመዳን ደም ሥሩን ደጋግሞ መወጋት ግድ ሆነበት።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ነውና። ሐኪሙ መርፌው ደም ሥር ውስጥ መግባቱን የሚያውቀው ስሪንጋውን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርግና ደም ሲገባበት ሲያይ ነው። ስለዚህ በየመርፌው የበሽተኛው ደም ወደ ስሪንጋው ይገባል። በዚያ ዘመን ስሪንጋ ከመስታወት የሚሠራ ውድ ዕቃ ነበር፤ ተጥቦ፣ ተቀቅሎ ለሚቀጥለው በሽተኛ ያገለግላል። በሚገባ ከተቀቀለ ችግር አልነበረም። ግን መቶ ሰው በተሰለፈበትና አንድ ድሬሰር ከሦስትና ከአራት ስሪንጋ በላይ በሌለው ቦታ፣ መርፌውን ብቻ ቀይሮ ወይም ውኃ አስነክቶ መቀጠል የተለመደ ሆነ።

ከዚህ የተነሣው ጉዳት ጎልቶ የታየው በግብፅ ነው። የግብፅ መንግሥት ቢልሃርዚያን ለማጥፋት በታርታር ኤሜቲክ መርፌ ያካሄደው ሰፊ ዘመቻ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቆየ፤ የቆመውም በአፍ የሚዋጠው ፕራዚኳንቴል በቦታው ሲተካ ነው። በ2000 በ«ላንሴት» የወጣ ጥናት፣ ግብፅ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ከሁሉ የበለጠ የሄፓታይተስ ሲ ሕመምተኛ የነበራት አገር የሆነችው በዚሁ ዘመቻ በሚገባ ባልተቀቀሉ ስሪንጋዎች ምክንያት መሆኑን አመለከተ። ሄፓታይተስ ሲና ቢ ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ መንገድ፣ በደም፣ ይጓዛሉ፤ ያልተቀቀለ ስሪንጋም ሁለቱንም ይሸከማል።

ይህን ስንል ክሪስቶፈርሰንን ለመውቀስ አይደለም። በ1918 በደም ውስጥ የሚኖር የጉበት ቫይረስ መኖሩን ያወቀ ማንም አልነበረም። መድኃኒቱም የብዙ ሺህ ሰው ስቃይ አስታግሷል። ከዚህ የምንማረው፣ መልካም ሥራም ቢሆን ጥንቃቄ ካልተከተለው ጉዳቱ ከብዙ ዓመት በኋላ በልጆችና በልጅ ልጆች ላይ ሊታይ እንደሚችል ነው።

ደም በሽታ እንደሚያስተላልፍ የታወቀው እንዴት ነው?

በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው ማስረጃ የተገኘው በጀርመን አገር በብሬመን ከተማ ነው። ከ1883 እስከ 1884 በአንድ የመርከብ ፋብሪካ 1,289 ሠራተኞች የፈንጣጣ ክትባት ተከተቡ፤ ክትባቱም ከሰው የተወሰደ ፈሳሽ ነበረበት። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከነዚህ 191 ሰዎች ዓይናቸው በጫጨ። በዚያው ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ፣ ነገር ግን ሌላ ክትባት የተከተቡት አልታመሙም። ሉርማን የተባለው ሐኪም ይህን አነጻጽሮ በ1885 በሽታው ከክትባቱ ፈሳሽ መምጣቱን ጻፈ። መምህራን ይህን በክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ አንድ ዓይነት ኑሮ የሚኖሩ ሁለት ቡድኖችን አነጻጽሮ ምክንያትን መለየት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ያደርጋልና።

የሉርማን ጽሑፍ ብዙ አንባቢ አላገኘም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ቂጥኝና የስኳር በሽታ በሚታከምባቸው ክሊኒኮች ከመርፌ በኋላ የሚመጣ ቢጫነት ደጋግሞ ታየ፤ አብዛኛው ሐኪም ግን ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ አደረገ።

በ1937 ፊንድሌይና ማካለም የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የቢጫ ወባ ክትባት የተከተቡ ሰዎች ከወራት በኋላ በጉበት በሽታ እንደሚያዙ አስታወቁ። የሚሠሩትም ከካርቱም የተመለሰው ባልፎር ይመራው በነበረው በዚያው በለንደን የዌልካም ቢሮ ነበር። ክትባቱን ለማቆየት የሰው ሴረም፣ ማለት ከረጋ ደም ላይ የሚቀዳው ውኃ፣ ይጨመርበት ነበር።

ማስጠንቀቂያው በጊዜው አልተሰማም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የአሜሪካ ጦር ወደ ቆላ አገሮች ለሚዘምቱ ወታደሮች ይህንኑ ክትባት ሰጠ። በ1942 50,000 ያህል ወታደሮች በጉበት በሽታ ታመሙ፤ ቫይረሱ የያዛቸው በጠቅላላው 330,000 ያህል እንደሚሆኑ በኋላ ተገምቷል። ከዚያም ሴረሙ ከክትባቱ ወጣ። በ1987 የታተመ ጥናት የነዚያን ወታደሮች ደም መርምሮ በሽታው ሄፓታይተስ ቢ እንደ ነበር አረጋገጠ።

በ1947 ማካለም በምግብና በውኃ የሚተላለፈውን «ሄፓታይተስ ኤ»፣ በደም የሚተላለፈውን «ሄፓታይተስ ቢ» እንዲባሉ ሐሳብ አቀረበ። በሽታው ስም አገኘ፤ ቫይረሱን ግን ገና ያየው አልነበረም።

የቫይረሱ መገኘት

ቫይረሱ የተገኘው በሚፈልጉት ሰዎች ሳይሆን ሌላ ነገር በሚፈልግ ሰው ነው። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ የሕዝቦች ደም እንዴት እንደሚለያይ ያጠና ነበር። በ1963 ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ በተወሰደ ደም ውስጥ እንግዳ ፕሮቲን ተገኘ፤ ይህም በ1965 «የአውስትራሊያ አንቲጅን» ተብሎ ለሕዝብ ተገለጸ። በ1967 ይህ ፕሮቲን ከሄፓታይተስ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታወቀ። በ1970 ዴን የተባለ እንግሊዛዊ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሙሉውን ቫይረስ አየ። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የልደቱ ቀን ጁላይ 28 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 21 ነው።

የዚህ ግኝት ታላቅ ጥቅም በሽታውን ከዓይን ቢጫነት ሳይሆን ከደም መለየት መቻሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የደም ባንኮች ደምን እየመረመሩ መለየት ጀመሩ። በአገራችንም የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲያስተምሩ የጉበት ቫይረሶችን በኢትዮጵያ ሕዝብ ውስጥ አጥንተዋል። ከላይ የጠቀስነው የወታደሮቹ በሽታ ምርመራም እርሳቸው የተሳተፉበት ሥራ ነው። የተለያዩ ጥናቶችን አጠቃልሎ በ2016 የታተመ አንድ ሥራ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ 7.4 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ እንደ ተገኘባቸው ያሳያል። በአርባ ተማሪ ክፍል ብናስበው ሦስት ሰው ያህል ማለት ነው።

በሽታው እንዴት ይታወቃል? ጉዳቱስ ምንድን ነው?

ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ ድረስ ከአንድ እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ምልክት ሲኖር ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ የሽንት መጥቆርና የዓይን መበጫጨት ይታያሉ። አንዳንዱን ሰው መገጣጠሚያውንም ያመዋል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው፣ በተለይም ሕፃናት፣ ምንም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ «ዓይኔ አልበጫጨም፤ እንግዲህ ጤነኛ ነኝ» ማለት አይቻልም። እርግጠኛው መንገድ የደም ምርመራ ብቻ ነው።

የበሽታው ክፋት በዕድሜ ይለያያል። ጎልማሳ ሰው ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ቫይረሱን ያስወግዳል፤ በሽታው የሚቆይበት ከመቶ ከአምስት ያንሳል። ከነዚያ የ1942 ወታደሮች ቫይረሱን ተሸክመው የቀሩት እጅግ ጥቂቶች መሆናቸው ይህንኑ ያስረዳል። ሕፃን ሲወለድ ወይም ዓመት ሳይሞላው ከተያዘ ግን ከመቶ 95 ያህሉ ዕድሜ ልካቸውን ይሸከሙታል። ታናሹ ዝም ብሎ የሚሸከመውን በሽታ ታላቁ ታሞ ይገላገለዋል ማለት ነው።

ከተሸከሙት ጎልማሶች ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት በጊዜ ብዛት ጉበታቸው ይጠባሰላል፤ ይህም ሲሮሲስ ይባላል። ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ደም ማስመለስ ይመጣል፣ ወይም ጉበት በካንሰር ይያዛል። በታይዋን ቢዝሊ የተባለ ተመራማሪ 22,707 ወንዶችን ለዓመታት ተከታትሎ በ1981 እንዳስታወቀው፣ ቫይረሱን የተሸከሙት በጉበት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ካልተሸከሙት ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጥ ነበር።

በካርቱም ሆስፒታሎች የሚታከሙ የጉበት ካንሰር ሕመምተኞችን ያጠኑ ተመራማሪዎችም አንድ ነገር ጨምረዋል። በምዕራብ ሱዳን ኦቾሎኒ በእርጥበት ቦታ ሲቀመጥ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። «ደኩዋ» የተባለውን የኦቾሎኒ ቅቤ የሚያዘወትር ሰው በዚህ መርዝ ሲጠቃ፣ በዚያ ላይ ቫይረሱ ካለበት፣ አደጋው ይደራረባል። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበት ሰው የሻገተ እህልና ኦቾሎኒ፣ ይልቁንም የአልኮል መጠጥ መተው ይገባዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም 254 ሚሊዮን ሰው ከሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖር ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ሰው በዚሁ ሞቷል። መያዙን በምርመራ ያወቀው ከመቶ 13 ብቻ ነበር።

መተላለፊያውና መከላከያው

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በተበከለ ስለት ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭ በደረቀ ደም ውስጥ እንኳ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ስለዚህ አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው በሚያገለግልበት ሁሉ አደጋ አለ፤ እንጥል ሲቆረጥ፣ ድድ ሲነቀስ፣ ዋግምት ሲደረግ፣ ልጅ ሲገረዝ። በካርቱምም ሒጃማ ተብሎ የሚታወቀው ዋግምት በሰፊው ይሠራበታል። የመንደር መርፌ ወጊም ከዚሁ ይቆጠራል።

የማይተላለፍበትን ማወቅም እኩል ያስፈልጋል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል፣ በአንድ ወንበር በመቀመጥ አይተላለፍም። ጡት በማጥባትም አይከለከልም። የሌሊት ወፍ ከዚህ ነገር ንጹሕ ናት።

በ1981 የመጀመሪያው ክትባት፣ በ1986 ደግሞ ያለ ሰው ደም በእርሾ አማካይነት የሚሠራው ክትባት ተፈቀደ። ታይዋን ከ1984 ጀምራ አራስ ሕፃናትን ስትከትብ፣ በ1997 በታተመ ጥናት በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ካንሰርን በክትባት መከላከል እንደሚቻል ዓለም ያወቀው ከዚህ ነው። ሱዳን በ2005፣ ኢትዮጵያ በ2007 ክትባቱን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አስገብተዋል። በአገራችን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለመከላከል ግን ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንዳለበት የዓለም የጤና ድርጅት ያሳስባል። ለተያዙትም ቫይረሱን አዳክሞ የሚይዝ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ቴኖፎቪር የመሰለ መድኃኒት አለ። ለሁሉም አያስፈልግም፤ ለማን እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ካርቱም እንመለስ። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማይቱ ጦርነት ተነሣ። ከአሥር ቀን በኋላ የዓለም የጤና ድርጅት የአገሪቱ ማዕከላዊ የሕዝብ ጤና ላቦራቶሪ በተዋጊዎች እጅ መግባቱንና ባለሙያዎቹ መባረራቸውን አስታወቀ። ብዙ ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። ሱዳናውያን ስደተኞችና በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ። ከመቶ ዓመት በላይ የምርምር ልማድ ባለባት ከተማ የደም ምርመራና የሕፃናት ክትባት ተቋረጠ። የክትባት ካርዱን ይዞ የተሰደደ ወላጅ ስንት ይሆን? በጦርነት ጊዜ ያልተከተበ ሕፃን የሚከፍለው ዋጋ የሚታየው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ጦርነቱ ከተረሳ ወዲያ ነው።

ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

ብዙ ወጣት ይህን ቫይረስ መሸከሙን የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሥራ ለመሄድ ሲመረመር ነው። ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ ደግሞ ሞት የተፈረደበት ይመስለዋል፤ ጎረቤት ይርቀዋል፣ ዕቃው ይለያል። ስለዚህ እኛ መምህራን ልናደርገው የሚገባንን እንዲህ እናጠቃልላለን።

አንደኛ፣ ቫይረሱ ያለበት ተማሪ ከክፍልና ከጨዋታ የሚለይበት አንዳች የጤና ምክንያት የለም። ስሙም በምሥጢር ሊያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤት የማንም ደም ሲፈስ ባዶ እጅ አይነካም፤ ጓንት ይደረጋል፣ ቦታው በውኃ በተቀጠነ በረኪና ይታጠባል። ይህም ለሁሉም ተማሪ እኩል ይደረጋል፤ ማን እንዳለበት አይታወቅምና። ሦስተኛ፣ ምላጭ መዋዋስ እንዲቀር ማስተማር ይገባል። አራተኛ፣ ከሱዳን የተመለሱ ወይም የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ክትባታቸውን እንዲያስፈትሹ መምከር ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ ምርመራው ያሳሰበውን ወጣት ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ሥር ማሽ መላክ አይገባም፤ አንዳንድ ሥር ራሱ ጉበትን ይጎዳልና።

የሄፓታይተስ ቢ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ ሰው ከምልክት ወደ ምክንያት የተጓዘበት ታሪክ ነው። አባቶቻችን ቢጫነቱን አይተው ወፏን ከሰሱ፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን መድኃኒቱን ከሰሱ። እውነቱ የተገኘው ሰዎች ሲያነጻጽሩ፣ ሲመዘግቡና የቀደመውን ማስጠንቀቂያ ተመልሰው ሲያነቡ ነው። ዛሬ ምርመራውም ክትባቱም አለ። የቀረው ዕውቀቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ከየቤቱ መድረሱ ነው፤ ለዚህም ከትምህርት ቤት የቀረበ ድልድይ የለም።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሉርማን በብሬመን በሽታው ከክትባቱ ፈሳሽ መምጣቱን ያወቀው በምን ማስረጃ ነው?
2. በካርቱም የተገኘው የቢልሃርዚያ ሕክምና በግብፅ ለሌላ በሽታ መስፋፋት ምክንያት የሆነው እንዴት ነው? ጉዳቱን ማስቀረት ይቻል ነበርን?
3. ሄፓታይተስ ቢና ሄፓታይተስ ኢ በመተላለፊያቸው እንዴት ይለያያሉ? በስደተኛ ሰፈር ለእያንዳንዳቸው ምን ዓይነት መከላከያ ይስማማል?
4. በአካባቢያችሁ በአንድ ስለት ብዙ ሰው የሚገለገልባቸውን ልማዶች ዘርዝሩ። ልማዱ ሳይነቀፍ አደጋው የሚቀርበትን መንገድ ተወያዩበት።